ግምት ያልተሰጠው ዕጩ ዕድሉ ስንት ነው? መጀመሪያ መራጩን ቁጠሩ

ደምበል አካባቢ ካሉት ካፌዎች በአንዱ፣ ማኪያቶ ቀርቦ የፓርቲ ውስጥ ምርጫ ወሬ ከተነሳ፣ ቶሎ የሚመጡት ጥያቄዎች ሁለት ናቸው፦ «ማን የተሻለ ይናገራል?» እና «ማን የበለጠ ዋጋ ከፍሏል?»። ሁለቱም ለወሬ ይጥማሉ። ዕጩው ያሸንፍ እንደሆነ ግን አይነግሩንም። መቅደም ያለበት ጥያቄ ሌላ ነው፦ ድምፅ የሚሰጠው ማነው? እሱንስ ማን ወከለው?

2010 ዓ.ም.ን እናስታውስ። አቶ ኃይለማርያም ደሳለኝ የካቲት 8 ሥልጣን ለመልቀቅ ሲጠይቁ፣ ዐቢይ አህመድ የኦህዴድ ሊቀመንበር እንኳ አልነበሩም። አቶ ለማ መገርሳ የፌዴራል ምክር ቤት አባል ስላልነበሩ ጠቅላይ ሚኒስትር መሆን አይችሉም ነበር፤ የካቲት 15 ሊቀመንበርነቱን ለዐቢይ ለቀቁ። ወር ከጥቂት ቀን ቢሆነው ነው የግንባሩ ምርጫ የደረሰው።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። የኢሕአዴግ ምክር ቤት 180 መቀመጫ ነበረው፤ ለአራቱ ድርጅቶች 45፣ 45። አንድ ዕጩ የራሱን ሰዎች በሙሉ ቢይዝ እንኳ ሩብ ላይ ነው የሚቆመው። ስለዚህ ወሳኙ ነገር ንግግር ሳይሆን ሁለተኛው 45 ነበር። የብአዴኑ አቶ ደመቀ መኮንን ከውድድሩ ሲወጡ ነገሩ ለየለት። መጋቢት 18 ድምፅ ሲቆጠር ዐቢይ 108፣ አቶ ሽፈራው ሽጉጤ 59፣ ዶክተር ደብረጽዮን ገብረሚካኤል 2 አገኙ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ማለት ይኼው ነው።

ሌላ አገር ደግሞ የመራጩ ማንነት ሲቀየር ውጤቱም ይቀየራል። በፈረንጆቹ 2015 የእንግሊዙ ሌበር ፓርቲ በ3 ፓውንድ የተመዘገበ ደጋፊ ሁሉ መሪ እንዲመርጥ ፈቀደ። ለዕጩነት የሚበቃ ፊርማ ለማግኘት እንኳ የተቸገሩት ጄረሚ ኮርቢን በ59.5 በመቶ አሸነፉ። ምርጫው በፓርላማ አባላቱ እጅ ብቻ ቢሆን ኖሮ ስማቸውም ባልተነሳ።

ወደ ቤታችን እንመለስ። ሰኔ 2014 ዓ.ም. በኢዜማ ጉባኤ አቶ አንዱዓለም አራጌ ፕሮፌሰር ብርሃኑ ነጋን ለፓርቲው መሪነት ተገዳደሩ። አቶ አንዱዓለም ከመስከረም 2004 እስከ የካቲት 2010 የታሰሩ፣ አንደበታቸው የሚያሳምን፣ የፓርቲው ምክትል መሪ የነበሩ ሰው ናቸው። በካፌው መመዘኛ የሚጎድላቸው አልነበረም። የተወዳዳሪያቸው አቅም ግን ሌላ ነበር፦ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የገነነ ስም፣ ከግንቦት 7 የመጣ ሰፊ ትስስር፣ በዚያ ላይ የትምህርት ሚኒስትርነት።

ሚኒስትርነቱ የክርክሩም እምብርት ነበር። የተቃዋሚ ፓርቲ መሪ ካቢኔ ውስጥ ተቀምጦ መንግሥትን እንዴት ይሞግታል? ጥያቄው ከባድ ነው። ነገር ግን ከመንግሥት ጋር አብሮ መሥራቱን የፓርቲው አመራር ተስማምቶበታል። ስለዚህ ተገዳዳሪው መርታት የነበረበት አንድን ሰው ብቻ አልነበረም፤ ፓርቲው የያዘውን መንገድ ጭምር እንጂ። ያን ለማድረግ ከጉባኤው ሳምንታት በፊት ሳይሆን፣ ከዓመት በፊት በየምርጫ ወረዳው ተወካይ ሲመረጥ መገኘት ያስፈልጋል። ፕሮፌሰር ብርሃኑ አሸነፉ።

ይህ ማለት ውድድሩ ከንቱ ነበር ማለት አይደለም። ሁለት ሰዎች በአደባባይ ተወዳድረው፣ ጉባኤተኛ በምስጢር ድምፅ መሪውን መምረጡ በእኛ ፖለቲካ ብርቅ ነው። ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው። በ2015 ዓ.ም. በርካታ አመራሮችና አባላት ኢዜማን ለቀው ወጡ። የእኛ ፓርቲዎች አሸናፊ መምረጥ ጀምረዋል፤ ተሸናፊን ማኖር ግን ገና አልለመዱም። ተሸናፊውም ቢሆን እስከሚቀጥለው ጉባኤ ተቀምጦ ወረዳ ለወረዳ ሰው ማብዛትን እንደ ሽንፈት ያየዋል።

እንግዲህ ነገ ሌላ ግምት ያልተሰጠው ዕጩ ሲነሳ፣ ዕድሉን በጭብጨባ አንለካ። ሦስት ነገር እንጠይቅ፦ መራጮቹን በስም ያውቃቸዋል? ከራሱ ወገን ውጭ ያለውን ሁለተኛውን 45 ከየት ያመጣል? ቢሸነፍስ በማግስቱ ቢሮው ይገባል? ለሦስተኛው «አዎ» ያለ ዕጩ፣ ዘንድሮ ባያሸንፍ እንኳ በሚቀጥለው ጉባኤ ግምት የሚሰጠው ሰው ይሆናል።