በጀቱ በብር አደገ፤ በሀብትስ?

ሽሮ ሜዳ የሚታወቀው በሐበሻ ልብስ ገበያው ነው። ከነጠላውና ከጥበቡ ጀርባ ያለው ሸማኔ ግን ደመወዝተኛ አይደለም፤ ጡረታ የሚያዋጣለት ቀጣሪ የለውም። የልጆቹ ዋስትና የመንግሥት ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ ናቸው።

ለእነዚህ የሚወጣ ገንዘብ ሰው እንደሚያተርፍ በአገራችን ታይቷል። በ1992 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት፣ በሕይወት ከሚወለዱ 1000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። በ2008 ዓ.ም. ቁጥሩ ወደ 67 ወረደ። የለጋሾች እርዳታ እንዳለ ሆኖ፣ በ1995 ዓ.ም. የተጀመረውና ሠራተኞቹን በመንግሥት ደመወዝ በየቀበሌው ያሰማራው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ድርሻ አይካድም።

ሕገ መንግሥቱም ጉዳዩን ለባለሥልጣን ቸርነት አልተወውም። አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 4 መንግሥት ለጤና፣ ለትምህርትና ለሌሎች ማኅበራዊ አገልግሎቶች በየጊዜው እየጨመረ የሚሄድ ሀብት እንዲመድብ ያዛል። ልብ በሉ፤ ሕጉ የሚናገረው ስለ ሀብት እንጂ ስለ ብር አይደለም። አብዛኛው መድኃኒታችን ከውጭ የሚገባ ነው፤ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ደግሞ የብር አቅም እጅግ ወርዷል። በጀቱ በ20 በመቶ አድጎ የመድኃኒቱና የተማሪዎች ምገባ እህል ዋጋ በ30 በመቶ ቢንር፣ እንደ እኔ እምነት ግዴታው አልተፈጸመም።

ስለዚህ የከተማው ምክር ቤት በጀት ሲያጸድቅ ከብሩ አኃዝ ጎን የዋጋ ንረት የተቀነሰለት አኃዝ ይቅረብለት። የሽሮ ሜዳው ሸማኔ ልጅ የሚታከመው በሁለተኛው ነውና።