መጀመሪያ ጀሪካኑን ቁጠሩ

ሰሞኑን አንድ ፎቶ በየገጹ እየዞረ ነው። ገመድ ላይ የተሰጣ ነጭ ሽንት ጨርቅ ነው። ከሥሩ «እኛ ያደግነው በዚህ ነው፤ የዛሬ እናት ግን ሰነፈች» የሚል ጽሑፍ አለው። ሼር ካደረጉት ውስጥ አራቱ እኔ ያስተማርኳቸው ልጆች ናቸው። አራቱም ወንዶች። ሁለቱ እንዲያውም ገና አላገቡም!

በዚያው ሳምንት ሌላ የቀድሞ ተማሪዬ በውስጥ መስመር ጻፈልኝ። «ቲቸር፣ ባለቤቴ ልትወልድ ሁለት ወር ቀራት። የመጀመሪያችን ነው። ሽንት ጨርቅ ልንጠቀም ወስነናል። ከሱ ጋር ምን ምን ልግዛ?» ይላል። አዲስ አበባ ካለ ሱቅ የተላከለትን ዝርዝርም አያይዞልኛል። ቀጭኔና አበባ የታተመባቸው ሃያ ሽንት ጨርቆች፣ መሀል የሚገቡ ንጣፎች፣ ባለ ዚፕ የእርጥብ ጨርቅ ቦርሳ፣ «ለሕፃን ብቻ» የተባለ ሳሙና፣ ማለስለሻ። ድምሩ የአንድ ጀማሪ መምህር የወር ደሞዝ ያልፋል።

ዝርዝሩን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ውሃ የሚባል ነገር የለበትም። የሚያጥበው ሰውም የለበትም።

ለሱ በግል ከምመልስለት ለሁላችሁም እዚህ ልበለው ብዬ ነው። በቅድሚያ ግን እንግባባ፤ የሽንት ጨርቅ ጠላት አይደለሁም። የኔም ልጅ ያደገችው በሽንት ጨርቅ ነው፣ እዚሁ ፊልቱ። የምከራከረው ያለ ሒሳብ ከሚሰብኩት ጋር ነው። ከነሱ አንዱ ደግሞ እኔ ነበርኩ።

እኔም ያኔ «ወስነናል» ነበር የምለው። እውነቱን ለመናገር የወሰንኩት እኔ ነኝ። ብር በሐምሌ 2016 በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ነገር ሁሉ ምን ያህል እንደናረ ታውቃላችሁ። ዳይፐር ደግሞ ከነገሌ በአይሱዙ ተጭኖ እዚህ እስኪደርስ ሌላ ይጨመርበታል። ስለዚህ «ጨርቅ ነው የምንጠቀመው» አልኩ። ባለቤቴ ዝም አለች። ዝምታዋን እንደ መስማማት ቆጠርኩት።

የባለቤቴ እናት ከነገሌ መጥተው አራሷን አረሱልን። ሶማሌ ጎረቤቶቻችን አፈርተንባህ የሚሉትን አርባ ቀን እስክትሞላ አልተለዩንም። ገመዱ ላይ ሁልጊዜ ነጭ ጨርቅ ነበር። እኔም ፎቶ አንስቼ ፖስት አደረግኩ፤ እናንተም ላይክ አደረጋችሁልኝ። ያጠቡትን እጆች ግን ፎቶ አላነሳሁም።

እማማ ወደ ቤታቸው ከተመለሱ በኋላ ባለቤቴን ትኩሳት ጣላት። ዘጠኝ ቀን እኔ አጠብኩ። የሒሳብ መምህር ስለሆንኩ እየቆጠርኩ አጠብኩ። ልጅቷ በቀን አሥራ ሁለት ጨርቅ ትጨርሳለች። ሰገራ የነካውን መጀመሪያ ማለቅለቅ፣ ከዚያ በሳሙና ማጠብ፣ ከዚያ ሳሙናው እስኪለቅ ሁለት ጊዜ ማውጣት። እየቆጠብኩ እንኳ ሁለት ጀሪካን ተኩል አለቀ፤ ባለ ሃያ ሊትሩን ማለቴ ነው። ሃምሳ ሊትር መሆኑ ነው።

ይሄን ከምን ጋር ላወዳድርላችሁ? ስፌር የሚባለው ዓለም አቀፍ የሰብአዊ ዕርዳታ መመዘኛ በአደጋ ጊዜ ለአንድ ሰው ቢያንስ 15 ሊትር ውሃ በቀን ይላል፤ ለመጠጥም፣ ለምግብም፣ ለመታጠቢያም። የኔ ልጅ ጨርቅ ብቻውን ከሦስት ሰው ድርሻ በላይ ይወስድ ነበር። ከ2013 ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅት በተከታታይ ያጣን ሰዎች ነን። ውሃ በአህያ ጋሪ የምንጠብቅ ሰዎች ነን። ለእኛ ይሄ ቁጥር ቀልድ አይደለም።

«እናቶቻችንስ?» የሚል እንደሚመጣ አውቃለሁ። እናቶቻችን አጥበዋል፣ ልክ ነው። ግን ብቻቸውን ነው እንዴ ያጠቡት? አክስት ነበረች፣ ጎረቤት ነበረች፣ የቤት ሠራተኛ ነበረች። ከሁሉም በላይ ደግሞ ትልቋ ልጅ ነበረች።

ስለ ትልቋ ልጅ ልንገራችሁ። ከዓመታት በፊት አንዲት ጎበዝ ተማሪ ነበረችኝ። በሳምንት ሦስት ቀን የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ያመልጣታል። ስትገባ እጇ በረኪና በረኪና ይሸታል። «አረፈድሽ» ብዬ ውጪ አቆማታለሁ። አንድም ቀን ለምን ብዬ አልጠየቅኳትም። በኋላ ከጓደኞቿ ስሰማ እናቷ ወልዳ፣ ውሃ የምትቀዳውም የሕፃኑን ጨርቅ የምታጥበውም እሷ ኖራለች። ይሄን ጽሑፍ እያነበብሽ ከሆነ ይቅርታ አድርጊልኝ። ያኔ ያልገባኝ በዘጠኝ ቀን ገባኝ።

ስለዚህ «በዚህ ነው ያደግነው» ስትሉ፣ እናንተ ስታድጉበት ማን ከትምህርት እንደቀረ እናታችሁን ጠይቁ።

አሁን ወደ ልጁ ጥያቄ ልመለስ። ምን ልግዛ ነው ያለው።

አንደኛ፣ ሁለት ትርፍ ጀሪካን። የቤቱን የመጠጥ ውሃ የሚነካ ሽንት ጨርቅ አንድ ወር አይዘልቅም።

ሁለተኛ፣ ደህና ክዳን ያለው ባልዲ፣ ከሱ ሌላ ደግሞ ለጨርቁ ብቻ የሚሆን ሳፋ። ክዳኑ ለዝንብም ነው፣ ለልጅም ነው። መዳህ የጀመረ ሕፃን ክፍት ባልዲ ውስጥ በጭንቅላቱ ሊወድቅ ይችላል፤ ጥቂት ውሃ ይበቃዋል ለመስጠም።

ሦስተኛ፣ ጨርቁ። ቀጭኔው ይቅርብህ። ያረጀ የጥጥ ሽርጥ ወይም ያረጀ ነጠላ ቆራርጠህ ልብስ ሰፊ ጠርዙን ይምታልህ። ያረጀ ጥጥ ይመጣል፣ ይለሰልሳል፣ ቶሎም ይደርቃል። ሃያ አራት ቢሆን አንዱ ቀን ሲታጠብ ሌላው ቀን ይሸፍናል። ፖሊስተር የበዛበት ጨርቅ ግን ሽንቱን ሳይዘው ያንሸራትተዋል፤ ከመቁረጥህ በፊት ውሃ ጠብ አድርገህ ሞክረው።

አራተኛ፣ መያዣ። መርፌ ቁልፍ የዛሬ ነገር አይደለም፤ አሜሪካዊው ዋልተር ሃንት የባለቤትነት ፈቃድ ያወጣበት በ1849 እ.ኤ.አ. ነው። ይሠራል፤ ግን ስትወጋ ጣትህን በጨርቁና በልጁ ገላ መካከል አድርግ፣ ብትወጋ አንተ ተወጋ። ከፈራህ ማሰሪያ ይሰፋልህ።

አምስተኛ፣ ከላይ የሚለበስ ውሃ የማያስገባ ሱሪ፣ ሦስት ወይም አራት። ከዘመናዊው ዝርዝር ገንዘብ የሚገባው ይሄ ነው። ፌስታል ቀዶ ማሰር ግን ይቅር። በኛ ሙቀት ገላውን ይቀቅለዋል።

ስድስተኛ፣ ጠንካራ ገመድና መቆንጠጫ። ፀሐያችን ከማንም ማድረቂያ ይበልጣል። ጠላታችን አቧራው ነው፤ መቆንጠጫ የሌለው ጨርቅ መሬት ወርዶ እንደገና ውሃ ይጠጣል። ከፍ አድርገህ ስቀል፣ ፍየል ትደርስበታለች።

የማያስፈልግህ? ማለስለሻ፤ ጨርቁን ቀብቶት ሽንት እንዳይመጥ ያደርገዋል። ቫዝሊን ስትቀባም በስሱ ይሁን፣ እሱም ያው ነው። በረኪና ደግሞ በደንብ ካልወጣ ገላ ያቆጣል። ለሱ ማውጫ ሌላ ጀሪካን ከየት ታመጣለህ?

አንድ ነገር ደግሞ ላስምርበት። «የሕፃን ካካ ንጹሕ ነው» የሚለውን ተዉት። ሰገራውም ያለቀለቃችሁበት ውሃም ሽንት ቤት ይግባ፣ ግቢ ውስጥ አይደፋ። በነሐሴ 2014 ከባሌ በኩል የተነሣው ኮሌራ ወደኛ ሊበን ዞንም ደርሶ እንደነበር አንርሳ።

«ታዲያ ዳይፐር ይሻላል እያልክ ነው?» ትሉኝ ይሆናል። እሱም ሰበብ አለው። እዚህ ቆሻሻ ሰብሳቢ መኪና በራችን ላይ አይመጣም። ከከተማው ዳር የተጣለ ዳይፐር ፍየል ስትቀዳድደው በዓይኔ አይቻለሁ። ያ ፕላስቲክ የት እንደሚገባ አስቡት። ግን ጨርቅም በራሱ ቅዱስ አይደለም። የእንግሊዝ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ በ2008 እ.ኤ.አ. ሁለቱን ሲያወዳድር፣ የጨርቁ ጥቅም በአስተጣጠቡ ላይ የተንጠለጠለ ነው ብሏል፤ ማሽኑን ሞልቶ ማጠብ፣ በገመድ ላይ ማድረቅ፣ ለሁለተኛ ልጅም መጠቀም። እነሱ ቧንቧ ከፍተው የሚያጥቡ ሰዎች ናቸው፤ ዋናው ቆጠራቸውም ኤሌክትሪኩ ላይ ነበር። እኛ ደግሞ ጀሪካኑንና የተሸከመውን ጀርባ እንቁጠር።

እኛ ቤት እንዲህ አደረግን። ዝናብ ሲዘንብና ውሃ ሲረክስ ጨርቅ። ውሃ ሲጠፋ፣ ሌሊትና መንገድ ስንወጣ ዳይፐር፣ ያገለገለውን ግቢ ውስጥ በቆፈርነው ጉድጓድ እየቀበርን። ማንም እናት በዚህ ማፈር የለባትም። ውሃ በጠፋበት ሳምንት ዳይፐር የገዛች ሴት ሰነፍ አይደለችም፣ ሒሳብ የምታውቅ ሴት ናት።

ሌላው የለወጥነው ነገር ማጠቡ ነው። ዘጠኙ ቀን አልቆ ባለቤቴ ስትድን ሳፋውን ልመልስላት ነበር። «ወስነናል አልክ አይደል?» አለችኝ። ሌላ ምንም አልጨመረችም። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ቀን እሷ፣ አንድ ቀን እኔ። መጀመሪያ ሰሞን ጎረቤት ሲያየኝ ወደ ውስጥ እገባ ነበር፣ አልዋሽም። አሁን በር ላይ ቁጭ ብዬ ነው የማጥበው። ተማሪዎች ሲያልፉ «ቲቸር፣ በርታ!» ይሉኛል። እየሳቁ ነው፤ ይሳቁ።

እና አንተ ልጄ፣ ዝርዝሩን ለሱቁ መልስለትና ዛሬ ማታ ከባለቤትህ ጋር ተቀመጥ። ውሃው ከየት እንደሚመጣ፣ በቀን ስንት ጀሪካን እንደምትችሉ፣ ማን በየትኛው ቀን እንደሚያጥብ ጻፉ። ታናሽ እህትህ ከናንተ ጋር እንደምትኖር አውቃለሁ። የሷ ስም እዚያ ወረቀት ላይ እንዳይገባ፤ ዘንድሮ ስምንተኛ ክፍል ተፈታኝ ናት። ያን ካደረጋችሁ በኋላ ጨርቅም ምረጡ፣ ዳይፐርም ምረጡ፣ እኔ ምንም አልልም።

ፎቶውን ሼር ያደረጋችሁት አራታችሁ ደግሞ፣ አንድ ሳምንት አጥባችሁ ተመለሱና እንከራከር። ኮሜንት ክፍት ነው። ዛሬ ግን ተራዬ ስለሆነ ዘግይቼ ነው የምመልሰው።