አዲሱን ኳስ ማን ይቀበል?



ናይሮቢ፣ ቢያሻራ ጎዳና ላይ ጨርቅ በጅምላ የምወስድባቸው አንድ ሽማግሌ አሉ። ቤተሰባቸው ከጉጅራት የመጣ ነው፤ እኛ ደንበኞቻቸው በአገሩ ደንብ «ምዜ» እንላቸዋለን። እሳቸው ጋ ሒሳብ ከመዘጋቱ በፊት ሁለት ነገር አይቀርም፦ ወተት የበዛበት ሻይና የክሪኬት ክርክር። መጀመሪያ ሰሞን የማዳምጣቸው ዋጋ እንዲቀንሱልኝ ብዬ ነበር። ኋላ ግን ጨዋታው ራሱ ያዘኝ። ቅናሹ እንኳ ያን ያህል አልመጣም።

ሰሞኑን መስማማት ያቃተን በአንድ ጉዳይ ነው፦ በቴስት ክሪኬት ቡድን ሲመረጥ፣ ለመምታት መጀመሪያ የሚገባው ማን ይሁን? ምዜ «ጎበዝህን አስቀድም፤ ጎበዝ የትም ቢያስቀምጡት ጎበዝ ነው» ይላሉ። እኔ ደግሞ «ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው» ባይ ነኝ። መጀመሪያ መግባት ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ቦታው ክፍት በሆነ ቁጥር ጎበዙን ከቦታው ነቅሎ መድፈንም፣ ጀማሪውን ወርውሮ መሞከርም ቡድኑን ይጎዳል። ከሁሉ የሚብሰው ግን ፊት የገባውን ሰው ድካም ኋላ በሚገባው ሰው ሚዛን መመዘን ነው። ይህ ነገር ለምን እንደከነከነኝ ወደ መጨረሻው እነግራችኋለሁ።

ጨዋታውን ለማታውቁት ባጭሩ ላስረዳ። ቴስት ክሪኬት እስከ አምስት ቀን የሚዘልቅ ግጥሚያ ነው። በየቡድኑ 11 ሰው አለ። መቺዎች ሁለት ሁለት ሆነው ይገባሉ፤ አንዱ ሲወጣ ተከታዩ ይተካዋል፤ አሥር ሰው ሲወጣ የቡድኑ ተራ ያልቃል። ነጥቡ «ራን» ይባላል። ወርዋሪው ስድስት ኳስ ሲወረውር አንድ «ኦቨር» ይሆናል።

ዋናው ቁም ነገር ያለው ኳሱ ላይ ነው። ኳሱ ከቆዳ የተሰፋ ነው። አዲስ ሲሆን ጠንካራና የሚያብረቀርቅ ነው፤ ስፌቱም ገና አልተበላም። አየር ላይ እያለ ይታጠፋል፤ መሬት ነክቶ ሲነሳም ወዴት እንደሚሄድ አይታወቅም። እየተመታ ሲያረጅ ይለሰልሳል፣ ድምቀቱም ይጠፋል፤ በአብዛኛው ሜዳ ላይ ያን ጊዜ መምታት ይቀላል። 80 ኦቨር ካለፈ ደግሞ ወርዋሪው ቡድን ሌላ አዲስ ኳስ መጠየቅ ይችላል። እንግዲህ መጀመሪያ የሚገቡት ሁለቱ መቺዎች ያን አዲስ ኳስ፣ ገና ካልደከሙ ፈጣን ወርዋሪዎች እጅ ይቀበላሉ። አራተኛና አምስተኛ የሚገባው ግን ነገሩ በሰላም ከሄደ የሚያገኘው ያረጀ ኳስና የደከመ ወርዋሪ ነው። ሁለቱም መቺ ይባላሉ እንጂ ሥራቸው አንድ አይደለም።

የምንከራከርበትን ነገር የአውስትራሊያን ያህል ቁልጭ አድርጎ ያሳየ ቡድን የለም። (ዓመተ ምሕረቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ዴቪድ ዋርነር በ112 ግጥሚያ 8,786 ራን ሰብስቦ በጥር 2024 ከቴስት ክሪኬት ተሰናበተ። መጀመሪያ የሚገባ ሰው ነበር። እሱ ሲወጣ አዲስ ከፋች መፈለግ ሲገባ፣ የቡድኑ ምርጥ መቺ ስቲቭ ስሚዝ ከአራተኛ ወደ አንደኛ ተዛወረ፤ በእሱ ቦታ ካሜሮን ግሪን ገባ። ስሚዝ ራሱ ቦታውን ፈልጎት ነበር። እስከዚያ ድረስ አራተኛ ሲገባ በአማካይ ከ60 ራን በላይ የሚያመጣ ሰው ነበር። የምዜ ምክር በተግባር የተፈተነው እዚህ ላይ ነው።

ውጤቱስ? ስሚዝ በአራት ግጥሚያ፣ በስምንት ተራ የሰበሰበው 171 ራን ብቻ ነው፤ አማካዩ 28.50። በአዲሱ ቦታው በመጀመሪያው ግጥሚያ አደላይድ ላይ ያስወጣው ሻማር ጆሴፍ የተባለ የጉያና ልጅ ነው፤ ያውም በቴስት ክሪኬት በወረወረው የመጀመሪያ ኳስ! ከጥቂት ጊዜ በፊት የጥበቃ ሠራተኛ የነበረ ወጣት ነው። በብሪዝበን ስሚዝ እስከ መጨረሻው ሳይወጣ 91 ራን ሠርቷል፤ ይህን መካድ አይገባም። ነገር ግን ሌሎቹ አለቁበትና አውስትራሊያ በ8 ራን ተሸነፈች። በዚያው ዓመት መጨረሻ ሕንድ ስትመጣ ስሚዝ ወደ አራተኛ ቦታው ተመለሰ።

ለምዜ ፍትሕ ለመስጠት አንድ ነገር ልጨምር። ግሪን በአራተኛነት ዌሊንግተን ላይ፣ ኒውዚላንድን 174 ራን አስቆጥሮባታል፣ ሳይወጣ። ስለዚህ ዝውውሩ አንዱን ጠቅሟል። ግን ጎበዝ ሰው የትም ጎበዝ ነው የሚለው አባባል ስሚዝ ላይ አልሠራም። በዓለም ላይ ካሉት ምርጦች አንዱ እንኳ ከለመደው ሥራ ሲነሳ ከግማሽ በታች ወረደ።

ቀጥሎ ተራው የጀማሪው ሆነ። በኅዳር 2024 ሕንድን ለመግጠም ኔተን ማክስዊኒ ተመረጠ። ይህ ልጅ በአገር ውስጥ ውድድር በአብዛኛው ሦስተኛ የሚገባ መቺ ነበር። ክፍት የነበረው ግን የመጀመሪያው ቦታ ስለሆነ እዚያ ተሰካ። የተሰጠው ደግሞ በጊዜው ከነበሩት ወርዋሪዎች ሁሉ አስፈሪው፣ ጃስፕሪት ቡምራ ነው። በሦስት ግጥሚያ፣ በስድስት ተራ 72 ራን አመጣ፤ ከአምስቱ መውጣቱ አራቱ በቡምራ እጅ ነው። ከሦስተኛው ግጥሚያ በኋላ ተቀነሰ።

ቁጥሩን ብቻ ያየ ሰው «ተገቢ ነው» ይላል። እኔ ግን አደላይድ ላይ የሆነውን እንድታዩልኝ እፈልጋለሁ። ግጥሚያው ማታም የሚቀጥል፣ በሮዝ ኳስ የሚደረግ ነበር። ሕንድ በ180 ራን አልቃ አውስትራሊያ ስትገባ መብራቱ በርቷል፤ ያ ኳስ ደግሞ በመብራት ሲጫወቱበት ክፉ ነው። ማክስዊኒ ያን ማታ ቆመ። አንድ ሰው ብቻ ወጥቶባቸው 86 ራን ላይ አደሩ፤ እሱ 38 ላይ ነበር። በማግስቱ በ39 ወጣ፤ በጠቅላላው 109 ኳስ ተቀብሏል። ይህ ለብቻው ከ18 ኦቨር በላይ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ትራቪስ ሄድ በቀን ብርሃን ገብቶ 140 ራን ሠራ፤ አውስትራሊያም በቀላሉ አሸነፈች። ጭብጨባው ሁሉ የሄድ ሆነ። ሄድ አይገባውም አልልም፤ ይገባዋል። ግን ያ ማታ ሦስትና አራት ሰው ወጥቶ ቢሆን ኖሮ ሄድ የሚገባው በዚያው በጨለማው፣ በአዲሱ ኳስ ላይ ነበር። የ39ኙ ዋጋ በ140ው ውስጥ ተደብቋል።

ከማክስዊኒ በኋላ የ19 ዓመቱ ሳም ኮንስታስ መጣ፤ ሜልበርን ላይ በ65 ኳስ 60 ራን ሠርቶ ሕዝቡን አስጨፈረ። ወደ ሲሪላንካ ሲሄዱ እሱ ቀርቶ ሄድ ከፈተ። በሰኔ 2025 ለዓለም ሻምፒዮና ፍጻሜ ለንደን ላይ ማርነስ ላቡሼይን ከፈተ፤ በደቡብ አፍሪካ ተሸነፉ። ቁጠሩልኝ፦ ስሚዝ፣ ማክስዊኒ፣ ኮንስታስ፣ ሄድ፣ ላቡሼይን። በአንድ ዓመት ተኩል አምስት ሰው፣ ለአንድ ቦታ። አምስቱም መምታት አያውቁም እንዴ? ያውቃሉ። መራጮቹ ያልወሰኑት ያ ቦታ ምን ዓይነት ሰው እንደሚፈልግ ነው።

እዚህ ላይ ምዜ ሻያቸውን አስቀምጠው ሁለት ስም ይጠሩብኛል። አንደኛው ሴህዋግ ነው። በ2001 ደቡብ አፍሪካ ላይ ስድስተኛ ገብቶ በመጀመሪያ ግጥሚያው 105 ራን የሠራ ሰው፣ በ2002 እንግሊዝ ላይ ወደ ከፋችነት ተዛወረ፤ ኋላም ሙልታን ላይ 309፣ ቼናይ ላይ 319 አስቆጠረ። ሁለተኛው ያው ሄድ ነው። በኅዳር 2025 ፐርዝ ላይ ኡስማን ኽዋጃ ጀርባውን ሲያመው ሄድ ተነስቶ ከፈተ፤ 205 ራን ሲያሳድዱ ብቻውን በ83 ኳስ 123 ሠርቶ እንግሊዝን በሁለተኛው ቀን ጨረሳት። «ታዲያ ጎበዝህን አስቀድም ስልህ!» ይሉኛል።

ጥሩ ክርክር ነው፤ መልስም አለው። ኳሱ አዲስ ሲሆን ተከላካዮቹ በአብዛኛው መቺውን ቀረብ ብለው ከበው ነው የሚቆሙት፤ ከጀርባቸው ሰፊ ባዶ ሜዳ አለ። ሴህዋግና ሄድ በተፈጥሯቸው ያን ባዶ ሜዳ የሚፈልጉ፣ መጠበቅ የማይወዱ መቺዎች ናቸው። ቦታው ጠባያቸውን ገጠመ። ሄድም ቢሆን ያን ቀን አዲስ አልነበረም፤ በ2023 ሕንድ ውስጥ፣ በ2025 መጀመሪያ ሲሪላንካ ውስጥ ከፍቶ ያውቃል። ሴህዋግ ደግሞ አንዴ ከተሾመ በኋላ ዓመታት ተሰጡት። እኔ «ሰው ከቦታው አይነቃነቅ» አላልኩም። ያልኩት «ቦታው የሚፈልገውን አውቀህ አንቀሳቅስ፤ ካንቀሳቀስክ ደግሞ ታገሥ» ነው።

ለመራጮች ብናገር የምላቸው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ከፋች ስትፈልጉ መጀመሪያ በየክፍለ ሀገሩ ውድድር ዓመቱን ሙሉ ሲከፍት የኖረውን እዩ። ሁለተኛ፣ የከፋችን ሥራ በራን ብቻ አትመዝኑ፤ ስንት ኳስ ተቀብሎ እንዳስረጀ፣ ከእሱ በኋላ የገቡት ስንት እንደሠሩም ቁጠሩ። ሦስተኛ፣ ልጁ ከመግባቱ በፊት «ይህን ያህል ግጥሚያ ያንተ ነው» በሉት። ነገ እባረራለሁ እያለ የሚቆም ሰው እጁ ይንቀጠቀጣል። መታገሥ ማለት ደግሞ ዓይንን መጨፈን አይደለም። ኮንስታስ በ2025 ዌስት ኢንዲስ ላይ እንደገና ዕድል አግኝቶ በስድስት ተራ 50 ራን ብቻ አመጣ። ያኔ «ተመለስና ተዘጋጅ» ማለት በደል አይደለም።

አሁን ቃል የገባሁትን ልናገር።

አምና የጉምሩክ ወረቀት አሠራር ሲቀየር የእህቴን ልጅ ሞያሌ ላይ አስቀመጥኩት። ሱቅ ውስጥ ጎበዝ ሻጭ ነበር፤ የኬላ ሥራ ግን አያውቅም። ቦታው ክፍት ስለሆነ ብቻ ላክሁት። የመጀመሪያዎቹ ሦስት መኪኖች በእሱ እጅ ቆሙ፤ አንዱ አምስት ቀን አደረ። ተናድጄ ወደ ሱቅ መለስኩትና የቆየውን ሠራተኛዬን ላክሁ። ከዚያ በኋላ የሄዱት መኪኖች ሳያድሩ አለፉ። «ሰው ማለት ይህ ነው!» ብዬ በሰው ፊት አመሰገንኩት።

ስለ ማክስዊኒ 109 ኳስ ለምዜ እየተከራከርኩ ሳለ ነው ድንገት የታወሰኝ። ያ ልጅ በየማታው እየደወለ «አጎቴ፣ ዲክላራሲዮኑ ላይ ይህ ጎደለ፤ የሚቀጥለው መኪና ይህን ይዞ ይምጣ» ሲለኝ ነበር። የቆየው ሠራተኛዬ ሞያሌ ሲደርስ ሁሉም ወረቀት የተሟላለት በዚያ ምክንያት ነው። ልጁ አዲሱን ኳስ አስረጅቶ ወጣ፤ እኔ የቆጠርኩት የቆሙትን መኪኖች ብቻ ነው።

ለምዜ ይህን ስነግራቸው አልተከራከሩኝም። ሻዬን ደገሙልኝና «ለልጁ ነግረኸዋል?» አሉኝ። አልነገርኩትም ነበር። ያን ቀን ማታ ደወልኩለት። መጀመሪያ ዝም አለ፤ ቀጥሎ «አጎቴ፣ እኔ እኮ ሥራውን አሁን ነው የለመድኩት» አለኝ። በሚቀጥለው ጭነት ወደ ሞያሌ ይመለሳል፤ ቢያንስ ስድስት መኪና የእሱ ነው፤ ቁጥሩንም አስቀድሜ ነግሬዋለሁ።

ምዜ ግን ስለ ስሚዝ አሁንም አልተሸነፉም። ቅናሹንም አልሰጡኝም።