የወረቀቱ ሽታ ይቅርብን፣ ማዋሱ ግን አይቅር

«ኪንድል ይሻላል ወረቀት?» የሚለው ክርክር ሲነሳ ጎራው ወዲያው ይለያል። አንዱ ወገን የወረቀት ሽታ ናፋቂ ነው፤ ስለ አሮጌ ገጽ መዓዛ ሲያወራ ዕጣን የሚያጨስ ይመስላል። ሌላው ደግሞ «ሺህ መጽሐፍ በኪሴ ይዤ እየዞርኩ ስለ ሽታ ታወሩኛላችሁ?» ባይ ነው። እኛ በዚህ አንሟገትም። ሽቶ የፈለገ መርካቶ ይውረድ።

መሣሪያውን አናጣጥልም። አማዞን በ2007 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያውን ኪንድል በ399 ዶላር ገበያ ላይ ካዋለ ወዲህ ነገሩ ብዙ ተሻሽሏል። ስክሪኑ እንደ ስልክ ዓይን አይወጋም። ባትሪ የሚበላው በዋናነት ገጽ ሲቀየር ስለሆነ አንዴ ቻርጅ ከተደረገ ሳምንታት ይቆያል፤ መብራት ሄደት መጣት በሚልበት ሰፈር ይህ ትልቅ ነገር ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን የሚመለስ ዘመዳችንም በርበሬውን ይያዝ ወይስ መጽሐፉን ብሎ ሚዛን ላይ ከመጨነቅ ይድናል።

የእኛ ጥያቄ ሌላ ነው። ከተነበበ በኋላ መጽሐፉ ወዴት ይሄዳል?

እኛ አገር አንድ መጽሐፍ በአንድ ሰው ተነቦ አያበቃም። የገዛው ያነበዋል፣ እህቱ ትቀጥላለች፣ ጎረቤት ይዋሳል (አይመልስም)፣ በመጨረሻ አሮጌ መጽሐፍ ነጋዴ ጋ ይደርሳል። ነጋዴውም ይሸጠዋል ወይም ያከራየዋል። መግዣ የሌለው ተማሪ ስንቱን ልብ ወለድ የጨረሰው በኪራይና በውሰት ነው!

ኪንድል ላይ «ግዛ» የሚለውን ስንጫን ግን የምናገኘው የማንበብ ፈቃድ ነው። ፈቃድ ደግሞ ይነሳል። በሐምሌ 2009 እ.ኤ.አ. አማዞን የጆርጅ ኦርዌልን «1984» እና «አኒማል ፋርም» ከገዢዎች ኪንድል ላይ ከሩቅ ሆኖ ሰረዛቸው። ምክንያቱ ቅጂዎቹን ያቀረበው ሻጭ መብቱ የሌለው መሆኑ ነበር። ገንዘቡ ተመለሰ፣ ይቅርታም ተጠየቀ። ግን ልብ በሉ፤ የተሰረዘው አንዱ መጽሐፍ መንግሥት ያልፈለገውን ጽሑፍ ጠራርጎ ስለሚያጠፋበት ዓለም የሚተርክ ነው! በየካቲት 2025 እ.ኤ.አ. ደግሞ የገዛነውን መጽሐፍ ከድረ ገጹ ወደ ኮምፒውተር አውርዶ የማስቀመጡ አማራጭ ቀረ።

አሁን ወደ አገራችን እንምጣ። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ። ደራሲው በ1976 ዓ.ም. ወጥቶ ቀረ። አንባቢ እጅ የገቡት ቅጂዎች ግን በድብቅ ከሰው ሰው ዞሩ፤ ደርግ ከወደቀ በኋላም መጽሐፉ ዳግም ታተመ። እስቲ ያኔ «ኦሮማይ» በኪንድል ብቻ ወጥቶ ቢሆን ብላችሁ አስቡት። ቤት ለቤት መፈተሽ ለምን ያስፈልጋል? አንድ ትእዛዝ ይበቃ ነበር።

«ታዲያ ቴሌግራም አለልን አይደል?» የሚል አይጠፋም። አለ፤ ግን እሱ ማዋስ አይደለም። ስናውስ የእኛ መደርደሪያ ይጎድላል፤ መጽሐፉ ያው አንድ ነው። ስካን ተደርጎ የተለቀቀ ፒዲኤፍ ግን በአንድ ሌሊት ስንት ሺህ ስልክ ውስጥ ይገባል፣ ደራሲው ሰባራ ሳንቲም አያገኝም። አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲን መብት አስከብራለሁ ቢልም ቻናሎቹን የሚጠይቃቸው የለም። በእርግጥ አሳታሚዎችም ተመጣጣኝ ዋጋ ያለው ሕጋዊ ቅጂ ለስልክ ሳያዘጋጁ አንባቢን ብቻ ቢወቅሱ አያምርባቸውም። ሲያዘጋጁም ፋይሉ እጃችን ላይ የሚቀር፣ ለሌላ ልናስተላልፈው የምንችል ይሁን።

እስከዚያው የእኛ ምክር አጭር ነው። አንዴ አንብባችሁ የምትተዉትን በስክሪን አንብቡ። ለልጆቻችሁ ልታቆዩት የምትፈልጉትን፣ በተለይ ደግሞ ባለሥልጣን የሚያስቆጣውን፣ በወረቀት ግዙ። ካነበባችሁ በኋላ አውሱት።

የተዋሳችሁትንም መልሱ።