ልስላሴው ከመቁረጫው ይምጣ!

በወርክሾፕ አካባቢ አንድ ልማድ ሥር እየሰደደ ነው። ሠልጣኙ ከስቴንለስ ስቲል ጎባጣ ገጽ ያለው ዕቃ፣ ለምሳሌ የፓምፕ ክንፍ፣ በሚሊንግ ማሽን ይሠራል። ገጹ እንደ ታረሰ መሬት ትልም በትልም ሆኖ ይወጣል። ያን ጊዜ ዝም ብሎ ብርጭቆ ወረቀቱን ያነሣል። ፈግፍጎ ፈግፍጎ ካብለጨለጨው በኋላ ያስረክባል፤ መምህሩም ብልጭታውን አይቶ ማርክ ይሰጣል። እኛ ግን ይህ አሠራር ይቁም እንላለን።

ስቴንለስ እንደ ተራ ብረት አይደለም። 304 የሚባለው ዓይነት ወደ 18 በመቶ ክሮሚየምና ወደ 8 በመቶ ኒኬል አለው። ሙቀት የማስተላለፍ አቅሙ የተራውን ብረት ሲሶ ያህል ስለሆነ ሙቀቱ መቁረጫው ስለት ላይ ይከማቻል። በዚያ ላይ መቁረጫው ሳይቆርጥ ካሻሸው ገጹ ይጠነክራል፤ ቀጣዩ ጥርስም ከጠነከረው ጋር ይታገላል። ስለዚህ «ለስላሳ እንዲወጣ» ብሎ ፊዱን ከልክ በታች መቀነስ ያው ማሻሸት ነው።

ትልሙስ ከየት ይመጣል? ጫፉ ድቡልቡል የሆነ መቁረጫ በየምልልሱ መካከል ሸንተረር ይተዋል። ከፍታው በቀላል ሒሳብ ይገመታል፦ በሁለት ምልልሶች መካከል ያለውን ርቀት በራሱ አባዝቶ ለመቁረጫው ሬዲየስ ስምንት እጥፍ ማካፈል ነው። በ10 ሚሊ ሜትር መቁረጫ በ1 ሚሊ ሜትር ርቀት ብንሠራ ሸንተረሩ 0.025 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ርቀቱን 0.5 ብናደርገው ወደ 0.006 ይወርዳል። ርቀቱ በግማሽ ሲቀንስ ሸንተረሩ ሩብ ሆነ ማለት ነው! የድቡልቡሉ ጫፍ መሐል ነጥብ ላይ ደግሞ የመቁረጥ ፍጥነት ዜሮ ነው፤ ስለዚህ ማሽኑ ከፈቀደ መቁረጫውን ወይም ዕቃውን ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ማዘንበል ይጠቅማል። ለመጨረሻው ዙር እኩል ትርፍ መተው፣ ያልደነዘ መቁረጫ ማሰር፣ ኩላንቱን አለማቋረጥም ግድ ነው።

ብርጭቆ ወረቀትስ ምን አጠፋ? በእጅ ሲፈገፈግ ጎባጣውን እኩል ስለማይበላ ልኩን ያዛባል። ተራ ብረት የነካ ወረቀት ወይም የሽቦ ብሩሽ ከሆነማ የብረት ብናኝ ስቴንለሱ ላይ ይተዋል፤ ብናኙም ይዝጋል። አይዝግም ያልነው ዕቃ ዝጎ ሲገኝ ማን ያምነናል? ወተት ወይም መድኃኒት በሚነካ ዕቃ ላይ፣ ሻካራነቱ ከ0.8 ማይክሮ ሜትር እንዳይበልጥ በሚፈለግበት ቦታ፣ ጉዳዩ የጤናም ነው። ማለስለሻ ጭራሽ አይነካ አንልም። የሥራው የመጨረሻ እርከን ይሁን እንጂ የጥፋት መሸፈኛ አይሁን ነው የምንለው።

«መቁረጫው ውድ፣ ማሽኑ አሮጌ፣ ሰዓቱም አጭር ነው» የሚሉ አሉ። እውነት አላቸው። የጠረጴዛው ብሎን በላላበት ማሽን ጥርሱንና ዕቃውን በአንድ አቅጣጫ ማስኬድ ዕቃውን ስቦ መቁረጫ ሊሰብር ይችላል፤ እዚያ በተቃራኒው መሥራት ይሻላል። ታዲያ ይህን ለይቶ ማወቅ ራሱ ትምህርት አይደለም እንዴ? በማሻሸት የደነዘ መቁረጫም፣ በፍግፈጋ ያለቀ ሰዓትም ወጪ ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል።

የዛሬው ሠልጣኝ ነገ አሠልጣኝ ነው። አንዱ የያዘው ልማድ በተማሪዎቹ እጅ ከጎተራ እስከ ሳሪስ፣ ከመካኒሳ እስከ ላፍቶ በየብረታ ብረት ቤቱ ይገባል። ስለዚህ መምህራን ዕቃውን ወረቀት ሳይነካው ይረከቡ። ሠልጣኙም የዙር ፍጥነቱን፣ ፊዱንና የምልልሱን ርቀት በካርድ ጽፎ አብሮ ያስረክብ፤ ከማርኩ ግማሹም ለዚያ ይሁን። ያን ጊዜ ገጹ ቢሻክር እንኳ ለምን እንደሻከረ ከካርዱ ይታወቃል፤ በሚቀጥለው ዕቃ ላይም ይታረማል።