ፈቃዱ የሚሰረዘው ገመና ሲወጣ ነው

እ.ኤ.አ. በ2014 የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ሲቲዝን ላብ፣ ቤልጂየምና አሜሪካ ባሉ የኢሳት (የኢትዮጵያ ሳተላይት ቴሌቪዥን) ባልደረቦች ላይ የተሰነዘረውን የኮምፒውተር ስለላ ሃኪንግ ቲም ከተባለ የጣሊያን ኩባንያ ሶፍትዌር ጋር አያይዞ አጋለጠ። ሮም ግን አልተጣደፈችም። በ2015 የኩባንያው የውስጥ ኢሜይሎች ተሰርቀው ሲበተኑ ኢትዮጵያ ደንበኛ እንደነበረች በገሃድ ታየ፤ የኩባንያው አጠቃላይ የወጪ ንግድ ፈቃድ የተሰረዘው ግን በ2016 ነው። ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት የሌባን ያህል እንኳ መረጃ አልነበረውም ማለት ነው፤ ወይም ነበረው፣ ይህም የባሰ ነው። በ2017 ደግሞ ሳይበርቢት የተባለ የእስራኤል ኩባንያ ሶፍትዌር በውጭ አገር በሚኖሩ የኦሮሞ ተሟጋቾች ላይ መዋሉ ተዘገበ። ሻጩ ተቀየረ እንጂ ታሪኩ ያው ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2021 ሥራ ላይ ያዋለው ደንብ የስለላ ቴክኖሎጂ ሻጮች ገዢውን እንዲመረምሩ፣ ስለሚሰጡ ፈቃዶችም ዓመታዊ ሪፖርት እንዲወጣ ያዛል። ጥሩ ጅምር ነው። ይሁንና ፈቃዱን የሚሰጠው ዛሬም ከኩባንያው ግብር የሚሰበስበው የየአገሩ መንግሥት ነው። ስለዚህ ማሻሻያው ከዚህ ሊጀምር ይገባል፦ የገዢው መሥሪያ ቤት ስም ከሽያጩ በፊት ለፓርላማ ይቅረብ፣ ተሰላዩም በሻጩ አገር ፍርድ ቤት መክሰስ ይችል።