ከሹም ሽር በኋላ



የትምህርት ዘመን በተከፈተ ቁጥር ከመዝገቡ ጠረጴዛ ፊት ተቀምጠን የልጆችን ቅጽ መቀበል ከሥራችን አንዱ ነው። በቅጹ ላይ ከልጁ ስምና ዕድሜ ቀጥሎ «የአባት ሥራ» የሚል መስመር አለ። ባለፈው ዓመት አንድ የስድስተኛ ክፍል ልጅ ቅጹን ሞልቶ ሲያቀርብልን ይህችን መስመር ባዶ ሆና አገኘናት። በቀደሙት ዓመታት እዚያው ላይ «የሒሳብ ክፍል ሹም» እያለ በኩራት ይጽፍ እንደ ነበረ እናስታውሳለንና «ልጄ፥ ይህን ረሳኸው» ብንለው፥ አንገቱን ደፍቶ «መምህር፥ አልረሳሁትም፤ ምን ብዬ እንደምጽፍ አላወቅሁም» አለን።

ነገሩን በኋላ እንደ ተረዳነው፥ አባቱ ሃያ ሁለት ዓመት ያገለገሉበት መሥሪያ ቤት ሲታጠፍ ሥራቸውን አጥተዋል። ለልጆቻቸው ግን አልነገሩም። ጧት ጧት እንደ ቀድሞው ኮታቸውን ለብሰው፥ ቦርሳቸውን አንጠልጥለው ይወጣሉ፤ ቀኑን በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ግቢ ከጥድ ጥላ ሥር ተቀምጠው ያሳልፉና በአሥራ አንድ ሰዓት ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። ልጁ አንድ ቀን በዚያ ሲያልፍ አይቷቸዋል፤ እርሱም ለማንም አልተናገረም። አባት የልጃቸውን ዓይን ፈሩ፤ ልጅም የአባቱን ኀፍረት ፈራ፤ በአንድ ገበታ ዙሪያ ተቀምጠው ሁለቱም እውነቱን ደበቁ።

በዚህ ወር ስለዚህ ነገር ለመጻፍ ያነሣሣን ያች ባዶ መስመር ናት።

አገራችን ሹም ሽርን ከጥንት ጀምሮ ታውቀዋለች። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረትም ከዚያ የመጣ ነው። ይህ ተረት ግን ሹመትን እንደ ድግስ ብቻ ለሚያይ ሰው የተነገረ ነው። ያልበላው፥ ያልሰረቀው፥ ሥራውን በእውነት የወደደው ሰው ሲሻር የሚሰማውን ኀዘን አይነካውም። እንዲህ ያለው ሰው ለሥራው የሰጠው ጉልበቱን ብቻ አይደለም፤ ስሙንም ጨምሮ ሰጥቶታል። ጎረቤት ሰላም የሚለው በሹመቱ ነበር፤ በዓል ሲደርስ ደጁን የሚያንኳኳው ሰው ብዙ ነበር። ሹመቱ ሲሄድ ሰላምታው አብሮ ይሄዳል፤ ስልኩም ዝም ይላል። ያን ጊዜ ሰውየው «ደመወዜን አጣሁ» ብቻ አይልም፤ «እኔ ማን ነኝ?» ብሎ ራሱን ይጠይቃል። ይህ ጥያቄ ከድህነት ይልቅ ይከብዳል።

ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሆነን የሁላችን ወንድም የሻምበል አበበ ቢቂላ ሕይወት ነው። ከዚህ በታች የምናነሣው ዓመተ ምሕረት ሁሉ በአገራችን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልን።

ያን ጊዜ ክቡር ዘበኛ ይባል በነበረው ጦር ውስጥ ወታደር የነበረው አበበ፥ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፥ በዘመን መለወጫ ዋዜማ፥ በሮማ ከተማ ማራቶንን በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ አሸነፈ። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ደግሞ፥ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ገና አንድ ወር ከጥቂት ቀን ሲሆነው፥ በቶኪዮ ድሉን ደገመው። በኦሊምፒክ ማራቶንን ሁለት ጊዜ በማሸነፍም የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ዓለም አበበን ሲያስብ እግሩን ያስብ ነበር፤ እግሩ ሥራው፥ ሥራውም ስሙ ነበረ።

በጥቅምት 1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ ጉዳት ስለ ነበረበት ሩጫውን አቋረጠ፤ ወርቁንም የአገሩ ልጅ ማሞ ወልዴ ወሰደ። በዚያው ዓመት መጋቢት 13 ቀን ሌሊት ይነዳት የነበረችው መኪና ተገለበጠችና አከርካሪው ክፉኛ ተጎዳ። ወደ እንግሊዝ አገር፥ ወደ ስቶክ ማንድቪል ሆስፒታል ተወስዶ ስምንት ወር ያህል ታከመ። እጆቹ ኃይላቸውን መልሰው አገኙ፤ እግሮቹ ግን ዳግመኛ ሊሄዱ አልቻሉም። ዕድሜው ገና ሠላሳ ስድስት ዓመት ነበረ።

አበበ የታከመበትን የአከርካሪ ሕሙማን ክፍል ያቋቋመው ሰው ራሱ ከሹመቱ የተሻረ ነበር። ሉድቪግ ጉትማን ይባላል። በጀርመን አገር በብሬስላው ከተማ የታወቀ የነርቭ ሐኪም ሳለ፥ ናዚዎች ሥልጣን በያዙበት በ1925 ዓ.ም. አይሁዳዊ በመሆኑ ብቻ ከቦታው ተባረረ። በ1931 ዓ.ም. ቤተ ሰቡን ይዞ ወደ እንግሊዝ ተሰደደ። በ1936 ዓ.ም. በስቶክ ማንድቪል ሥራ ሲሰጠው፥ በዚያ ዘመን አከርካሪው የተሰበረ ሰው ሞቱን ከመጠበቅ በቀር ተስፋ እንደሌለው ይታሰብ ነበር። ጉትማን ግን ሕሙማኑን ከአልጋ አንሥቶ ሥራንና ስፖርትን አስተማራቸው። ሐምሌ 22 ቀን 1940 ዓ.ም.፥ የለንደን ኦሊምፒክ በተከፈተበት ዕለት፥ አሥራ ስድስት አካል ጉዳተኞችን በቀስት ውርወራ አወዳደረ። ያም ውድድር እያደገ ሄዶ መስከረም 8 ቀን 1953 ዓ.ም. በሮማ ተከፈተ፤ ይኸውም አበበ በዚያችው ከተማ በባዶ እግሩ ካሸነፈ በስምንተኛው ቀን ነው። አንድ የተሻረ ሐኪም በስደት አገር የከፈተው በር፥ ከዓመታት በኋላ አበበ የሚገባበት በር ሆነ።

በ1962 ዓ.ም. አበበ በስቶክ ማንድቪል ውድድር በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ በቀስት ውርወራ ተሰለፈ። የዓለም አንደኛ የነበረ ሰው ቀስት አያያዝን እንደ ጀማሪ ተማረ። በኖርዌይም በበረዶ ላይ በሚንሸራተት ጋሪ የ25 ኪሎ ሜትር ውድድር አሸነፈ። በ1964 ዓ.ም. ወደ ሙኒክ ኦሊምፒክ በክብር እንግድነት ሲጠራ ሕዝቡ ከመቀመጫው ተነሥቶ አጨበጨበለት። የማራቶኑ ዕለት ጳጉሜን 5 ነበረ፤ ከሮማው ድል በኋላ አሥራ ሁለት ዓመት የሞላበት ቀን። ያን ዕለት ያሸነፈው አሜሪካዊው ፍራንክ ሾርተር ወደ አበበ ቀርቦ እጁን ጨበጠው። አበበ ድሉንም አደጋውንም ከእግዚአብሔር ፈቃድ እንደ ተቀበለ ይናገር ነበር። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በአርባ አንድ ዓመቱ ዐረፈ፤ አዲስ አበባ በቅዱስ ዮሴፍ መካነ መቃብርም ተቀበረ።

አንባቢ ሆይ፥ እግሩ አልተመለሰለትም። የጠፋው ሁሉ ይመለሳል ብለን ብንጽፍ ሐሰት እንሆናለን። የተመለሰው ሰውየው ነው። እርሱም የተመለሰው የቀድሞ ክብሩን ታቅፎ በመቀመጥ ሳይሆን፥ እንደ ገና ጀማሪ ለመሆን በመፍቀዱ ነው።

ይህ ለቤተ ክርስቲያን ትምህርት አዲስ አይደለም። በዜማ ቤት የተመሰከረለት ሊቅ ወደ ቅኔ ቤት ሲገባ በዕድሜ ከሚያንሱት ጋር ከታች ይጀምራል፤ ቅኔውን የጨረሰውም ወደ መጻሕፍት ትርጓሜ ሲሄድ እንደ ገና ተማሪ ነው። በአንዱ ቤት መምህር የነበረው በሌላው ቤት ደቀ መዝሙር ይሆናል፤ ማንም ተዋረደ አይለውም። እኛም ድቁናን ከተቀበልን በኋላ ወደ ዘመናዊ ትምህርት ቤት በገባን ጊዜ፥ ወንጌል በሕዝብ ፊት ያነበብን ሰዎች ከሕፃናት ጋር የእንግሊዝኛ ፊደል ቆጥረናል። ያን ጊዜ ያፈርንበት ነገር ዛሬ እንጀራችን ሆኗል።

እንግዲህ ሹም ሽር ለደረሰበት ቤት የምንመክረው ይህን ነው።

አንደኛ፥ ነገሩ በቤት ውስጥ አይደበቅ። አባት ለንስሐ አባታቸው፥ ቀጥሎ ለባለቤታቸው፥ ከዚያም ለልጆቻቸው በግልጥ ይንገሩ። ልጅ የአባቱን ሥራ ማጣት ይችላል፤ የአባቱን እውነት ማጣት ግን አይችልም።

ሁለተኛ፥ ለኀዘኑ ቀን ይቆረጥለት። ቤተ ክርስቲያናችን ለሞተ ሰው እንኳ ሣልስቱን፥ ሰባቱን፥ አርባውን፥ ሰማንያውን ቆጥራ ታስባለች፤ ኀዘንተኛውም በየደረጃው ወደ ሥራው ይመለሳል። ለጠፋ ሹመትም ማልቀስ ተገቢ ነው፤ ዕድሜ ልክ ድንኳን ተክሎ መቀመጥ ግን አይገባም።

ሦስተኛ፥ አዲሱን ሥራ ከታች ለመጀመር አንፈር። ሙሴ በፈርዖን ቤት ካደገ በኋላ በምድያም ምድር አርባ ዓመት የሰው በግ ጠብቋል፤ ቅዱስ ጳውሎስ በገማልያል እግር ሥር የተማረ ሊቅ ሳለ በቆሮንቶስ ድንኳን እየሰፋ በእጁ ሥራ ኖሯል።

አራተኛ፥ ጎረቤትና ወዳጅ አይራቅ። ለማኅበሩ ጽዋ ሲጠራ የነበረ ሰው ዛሬም ይጠራ፤ በዕድሩ ቦታው ይጠበቅለት። የተሻረን ሰው በሐሜት ከማንሣት ይልቅ «ነገ አብረን እንሂድ» ማለት ይሻላል።

ከሁሉ በላይ ግን ስማችንን እናስታውስ። በጸሎት ጊዜ ካህኑ የሚያነሣን በክርስትና ስማችን ነው፤ ከዚያ ስም ፊት «ሥራ አስኪያጅ» ወይም «ሹም» የሚል ቃል አይቀድምም። ያን ስም መሥሪያ ቤት አልሰጠንም፤ ስለዚህም መሥሪያ ቤት ሊወስደው አይችልም።

የዚያ ልጅ አባት ምክሩን ከንስሐ አባታቸው ሰምተው አንድ ቅዳሜ ማታ ለልጆቻቸው ነገሩ። ከዚያ በኋላ ወደ እኅታቸው ባል የእንጨት ሥራ ቤት ገቡ። በመጀመሪያው ወር ሰጋቱራ ጠረጉ፤ ቀጥሎ መላጊያ ያዙ፤ ማታ ማታም የሥራ ቤቱን ሒሳብ ያስተካክላሉ። ገቢያቸው ከቀድሞው ያንሳል፤ ወደ ጠባብ ቤትም ተዛውረዋል። ልጁ ዘንድሮ ቅጹን ይዞ ሲመጣ መስመሯ ተሞልታ አገኘናት። «አናጢነት የሚማር» ይላል። «አናጢ ብዬ ልጽፍ ነበር፤ አባባ ግን ገና ነኝ፥ እውነቱን ጻፍ አሉኝ» ብሎ ነገረን። እኛም ደስ ብሎን ማኅተሙን መታንበት።

በሹመትም በሽረትም ዘመን የማይለወጠው እግዚአብሔር አምላካችን፥ ሥራቸውን ላጡ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን የትሕትናን ልብና የእጅ ሥራ በረከትን ይስጥልን። አሜን።